«ማን ወርዶ ለካው?» የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ መሬት ቅርፊት

በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ መሬት ውስጥ ሆነዋል። መነሻው ፍርሃት ቢሆንም ሰው የቆመበትን መሬት ማወቅ መፈለጉ ደስ ይላል። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፦ ባለሙያዎች ያላዩትን ጥልቀት እንዴት ያውቁታል? ዓመታቱን የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ «በቴሌቪዥን አንድ ባለሙያ ከእኛ ሥር ያለው የመሬት ቅርፊት ውፍረቱ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ነው ሲሉ ሰማሁ። ማን ወርዶ ለካው? በግምት ነው ወይስ በእርግጥ የታወቀ ነገር?» (ከአዳማ፣ ጡረተኛ መምህር)

መልስ፦ መምህር፣ ማንም አልወረደም። ሰው እስከ ዛሬ ከቆፈራቸው ጉድጓዶች ሁሉ ጥልቁ ሩሲያ ውስጥ ኮላ በሚባል ቦታ ያለው ነው። እሱም 12,262 ሜትር ላይ ቆመ። በዚያ አካባቢ የቅርፊቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው የሄደው። ይሁንና የሰሙት ቁጥር ዝም ብሎ ግምት አይደለም። ከላይ ሆኖ የተለካ ነው።

ቤትዎ ያለውን የጋዝ ሲሊንደር ያስቡ። ውስጡ አይታይም። ምን ያህል ጋዝ እንደቀረው ማወቅ ሲፈልጉ ወይ ብድግ አድርገው ክብደቱን ያያሉ፣ ወይ ጎኑን ከላይ እስከ ታች አንኳኩተው ድምፁ የት ጋ እንደሚለወጥ ይሰማሉ። የመሬት ባለሙያዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ክብደቱን የሚያዩት በስበት ልኬት ነው። የሚያንኳኩት ደግሞ በመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ነው፤ ሞገዱ ከተፈጥሮ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል፣ ካልሆነም በጉድጓድ ውስጥ ከተቀበረ ፈንጂ።

ከማንኳኳቱ እንጀምር። ሞገድ በየዐለቱ ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት ይለያያል። ፈጣኑ ሞገድ በላይኛው ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከቅርፊቱ በታች ባለው ማንትል ውስጥ ሲገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ 8 ይደርሳል። ይህን ዝላይ መጀመሪያ ያስተዋለው ክሮኤሺያዊው አንድሪያ ሞሆሮቪቺች ነው። በ1909 ዛግሬብ አቅራቢያ መሬት ተንቀጠቀጠ። እሱም ከየጣቢያው የመጣውን መዝገብ ሰብስቦ ሲያነጻጽር፣ ራቅ ያሉት ጣቢያዎች ላይ ከአንድ ሞገድ ይልቅ ሁለት ተከታትለው ሲደርሱ አገኘ፤ አንደኛው በቅርፊቱ ውስጥ በቀጥታ የመጣ ነው፣ ሌላኛው ወደ ታች ወርዶ ፈጣኑን ዐለት ይዞ በዙሪያ ጥምጥም የመጣ ነው፣ ግን መንገዱ ረዝሞበትም ቢሆን ቀድሞ ደርሷል። በሁለቱ መካከል ያለው የሰከንድ ልዩነት ወሰኑ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ ይናገራል። ያ ወሰን ዛሬም በእሱ ስም «ሞሆ» ይባላል።

እናንተ አካባቢ ደግሞ ይህ ሥራ በደንብ ተሠርቷል። ከ2001 እስከ 2003 ኢግል የሚባል ትልቅ ጥናት ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች፣ ከእንግሊዝ ሌስተርና ሊድስ፣ ከአሜሪካም ስታንፎርድና ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሠሩት ነው። በጥር 2003 አንድ ሺህ የሚጠጉ መለኪያዎች መሬት ላይ ተዘረጉ። አንዱ መስመር ስምጥ ሸለቆውን አቋርጦ ከደጋ ወደ ደጋ ይሄዳል። ሌላው በሸለቆው ርዝመት ወደ አፋር ይነጉዳል። እያንዳንዳቸው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። የሚገናኙትም ከአዳማ ብዙም ሳይርቅ፣ እርስዎ አሻግረው የሚያዩት የቦሰት ተራራ አካባቢ ነው። ከዚያ ሥራ የተገኘው ውጤት ቅርፊቱ በሸለቆው ደቡብ ምዕራብ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ፣ ወደ አፋር ሲጠጋ ወደ 26 እንደሚሳሳ አሳይቷል። አዳማ በሁለቱ መካከል ናት።

አንድ ነገር እንጨምር። ቅርፊቱና «ሊቶስፌር» የሚባለው አንድ አይደሉም። ሊቶስፌር ቅርፊቱንና ከሥሩ ያለውን የማንትል ጠንካራ ክፍል አንድ ላይ ይዞ ነው፤ አፍሪካም ሆነ ዐረቢያ እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ፕሌት (አንድ ላይ እንደሚሄድ ትልቅ ቁራጭ) የሚንቀሳቀሱት በዚህ ውፍረት ነው። በጥንታዊ የአህጉር እምብርቶች ሥር 200 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል። በስምጥ ሸለቆው ሥር ግን ከታች በሚመጣው ሙቀት በጣም ሳስቷል።

ጥያቄ፦ «ፊዚክስ መምህራችን ከፍታ ሲጨምር ስበት ይቀንሳል ብለውናል። ግን ተራራውም እኮ ራሱ ይስባል! ታዲያ አዲስ አበባን የሚያክል ከፍታ ላይ ስበት መጨመር አልነበረበትም? ልኬቱስ እንዴት ነው የሚካሄደው?» (ከባሕር ዳር፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ጥያቄሽ እጅግ ቆንጆ ነው። መምህርሽም ልክ ናቸው፣ አንቺም ልክ ነሽ። ሁለቱም በአንድ ላይ ይሠራሉ። እስቲ በቁጥር እንየው።

የስበት ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ሚሊጋል የሚባል መለኪያ ነው። አንድ ሚሊጋል ከመሬት ስበት አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ነው፤ በጣም ትንሽ። አንድ ሜትር ከፍ ባልሽ ቁጥር ስበቱ 0.3 ሚሊጋል ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባን በ2,400 ሜትር ብንይዛት 740 ሚሊጋል አካባቢ ቀነሰ ማለት ነው። አሁን ያንቺን ሐሳብ እናስገባ። ከባሕር ወለል እስከ አዲስ አበባ ድረስ ያለው ዐለት በራሱ ስለሚስብ 270 ሚሊጋል ገደማ መልሶ ይጨምራል። ይህን ሂሳብ በ1730ዎቹ ደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች ላይ ሲለካ የቆየው ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ ስለጀመረው ማስተካከያው በስሙ ይጠራል።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ሁለቱንም አስተካክለሽ ስታበቂ ቀሪው ዜሮ መሆን ነበረበት። አይሆንም። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከ200 ሚሊጋል ያላነሰ ይጎድላል። የተራራውን ክብደት ቆጥረን ጨምረናል፣ መለኪያው ግን «ያን ያህል ክብደት የለም» ይላል። ይህ ማለት ከደጋው ሥር፣ በጥልቀት፣ ከተለመደው ይልቅ ቀለል ያለ ነገር አለ።

ምንድን ነው ቀላሉ ነገር? እንግሊዛዊው ጆርጅ ኤሪ በ1855 ባቀረበው ሐሳብ ብንሄድ ቀላሉ ቅርፊት ወደ ታች ወፍሮ ከባዱን ማንትል ገፍቶ ቦታውን ይዟል። ሌላ አማራጭም አለ። ማንትሉ ራሱ ግሎ ሊሆን ይችላል፤ የጋለ ነገር ይሰፋል፣ ሲሰፋም እፍግታው ይቀንሳል። ሁለቱም ያው አንድ ዓይነት ጉድለት ያሳያሉ። በስበት ብቻ ብትሠሪ ሕይወትሽን ሙሉ ብትቆጥሪም አትለያቸውም። ይህ የመሣሪያው ድክመት አይደለም፤ የስበት ተፈጥሮ ነው። ጥልቀት ያለው ትልቅ ነገርና ላይ ያለ ትንሽ ነገር ተመሳሳይ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን ሁሉ ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን፤ በስበት ካርታ ብቻ «እዚህ ሥር ይህ አለ» ብሎ በሙሉ አፉ የሚናገር ሰው ካጋጠማችሁ ጥልቀቱን በምን እንዳወቀ ጠይቁት።

ለዚህ ነው ሞገዱ የሚያስፈልገው። የሞገድ መዝገብ የደጋው ቅርፊት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በምዕራቡ በኩል ደግሞ ከዚያም በላይ መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ መወፈሩ አለ። ግን ከሥሩ ያለው ማንትል ውስጥ ሞገዱ ከተለመደው ቀርፋፋ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሞገድ የሚቀርፈው በጋለና በከፊል በቀለጠ ዐለት ውስጥ ነው። እንግዲህ መልሱ ሁለቱም ነው። ደጋችን ከፍ ብሎ የቆመው ቅርፊቱ ስለወፈረም፣ ከሥሩ ያለው ማንትል ስለጋለም ነው። ያ ሙቀት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋውን ያለበሰውን የባዛልት ጎርፍ ካመጣው ጋር የተያያዘ ነው፤ በደጋው የምታዪው ጥቁር ድንጋይ ብዙው የመጣው በዚህ የእሳተ ገሞራ ዘመን ውስጥ ነው።

ልኬቱ እንዴት እንደሚካሄድም ጠይቀሻል። መሣሪያው ግራቪሜትር ይባላል። በብዛት የሚሠራበት ዓይነት ውስጡ ትንሽ ክብደት ያንጠለጠለ ስፕሪንግ አለ። ባለሙያዋ ከመኪና ትወርዳለች፣ ሳህኑን መሬት ላይ ታደላድላለች፣ መሣሪያውን አስቀምጣ ሁለቱ የውሃ አረፋዎች መሀል እስኪገቡ ድረስ ብሎኖቹን በጣቷ ታዞራለች። ከዚያ አትንቀሳቀስም። ነፋስ ካለ ትጠብቃለች፣ ሲኖትራክ ካለፈ ትጠብቃለች። ንባቡን ትጽፋለች፣ የቦታውን ከፍታ በጂፒኤስ ትይዛለች። ከፍታው ላይ በአንድ ሜትር ከተሳሳተች ውጤቱ 0.2 ሚሊጋል ይዛነፋል፤ ስለዚህ ከስበቱ እኩል የሚያስጨንቀው ከፍታው ነው። ማታ ደግሞ ጠዋት የጀመረችበት ቦታ ተመልሳ እንደገና ትለካለች፤ ስፕሪንጉ ቀን ሙሉ ቀስ በቀስ ስለሚለጠጥ፣ የጨረቃና የፀሐይ ስበትም ከሰዓት ሰዓት ስለሚለዋወጥ ያ ሁሉ መቀነስ አለበት። እንዲህ ነው በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች አንድ በአንድ የሚሰበሰቡት። ያንን ካርታ ስታዪ ከእያንዳንዷ ነጥብ ኋላ ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው አለ።

ጥያቄ፦ «መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ቤታችንን ጥለን ወጥተን ነበር። ማግማ ነው ተባለ። በዚህ የስበት መሣሪያ ቀድሞ ማየት አይቻልም ነበር?» (ከመተሐራ፣ የልጆች እናት)

መልስ፦ እንኳን ደህና ሆኑ እናታችን። ያ ጊዜ ለእናንተ ምን ያህል ከባድ እንደነበር እናውቃለን፤ ከአፋርም ከኦሮሚያም በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነው የተፈናቀለው።

በቅድሚያ ምን እንደነበረ እንናገር። ከ2024 መስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ማግማ፣ ማለትም የቀለጠ ዐለት፣ በቅርፊቱ ውስጥ ቁልቁል በቆመ ጠባብ ስንጥቅ እየገባ፣ ዐለቱን ወደ ጎን እየገፋ ከፈንታሌ ወደ ዶፈን አቅጣጫ ሄደ። እናንተን ያናወጠው ያ መግፋት ነው። ከዚህ የበለጠ ትልቅ በ2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ታይቷል፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ በሳምንታት ውስጥ በማግማ ተሞላ፣ መሬቱም አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ።

ስበት እዚህ ምን ይላል? ሁለት ነገር። አንደኛው ስለ ድሮው ነው። ስምጥ ሸለቆው በአጠቃላይ ሲታይ ስበቱ ጎደሎ ነው፣ ከሥር ባለው ሙቀት የተነሳ። ግን መሀሉ ላይ፣ ወጣት እሳተ ገሞራዎች በተደረደሩበት ጠባብ ቀበቶ፣ ስበቱ ከፍ ይላል። ከባድ ነገር አለ ማለት ነው። ኢግል ያንኑ ቦታ በሞገድ ሲመለከት ከ7 ኪሎ ሜትር ጥልቀት በታች ሞገድ የሚፈጥንባቸው አካላት አገኘ፤ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋሉ፣ 50 ያህል ይረዝማሉ። በሰከንድ 6.5 እስከ 6.8 ኪሎ ሜትር የሚያስሄድ፣ በዚያ ላይ ከባድ የሆነ ነገር በዚያ ጥልቀት ላይ ከሆነ ቀዝቅዞ የጠጠረ ማግማ ነው። ሁለቱ ልኬቶች ተስማሙ። ትርጉሙም ትልቅ ነው፤ ስምጥ ሸለቆው የሚከፈተው እንደ ቀድሞው ገደሎቹ ዳር ላይ በመሰንጠቅ ብቻ ሳይሆን፣ በየጊዜው ማግማ ወደ መሀሉ እየገባ ክፍተቱን እየሞላ ነው። በእናንተ ላይ የደረሰው ነገር ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ሆኗል፤ ምስክሮቹ ያልናቸው ከባድ አካላት ናቸው።

ሁለተኛው ስለ አሁኑ ነው። አንድን ቦታ ደጋግሞ በመለካት ስበቱ ተለውጦ እንደሆነ ማየት ይቻላል፣ በብዙ አገር እሳተ ገሞራዎች ላይም ይሠራበታል። የሚፈለገው ለውጥ ግን ከሚሊጋልም በጣም ያነሰ ነው፤ መሬቱ በአንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ንባቡን ያዛባል። ደግሞም ማግማው በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ሰው መሣሪያ ይዞ የሚዞርበት ጊዜ አይኖርም። ፈጣኑን ሥራ የሠሩት የመንቀጥቀጥ ጣቢያዎችና መሬቱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደተንቀሳቀሰ ከሰማይ የሚለኩ የራዳር ሳተላይቶች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ «ነገ በዚህ ሰዓት» ብለው አይናገሩም። መንቀጥቀጡ ወደየት እየሄደ እንደሆነ ግን ያሳያሉ፤ ያም ሰውን ቀድሞ ለማውጣት በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ለዚህ ጣቢያዎቹ ቀድመው ተተክለው፣ ባትሪያቸው ሳይሞት፣ ገመዳቸው ሳይሰረቅ መሥራት አለባቸው። በመተሐራ፣ በአዋሽና በዶፈን ዙሪያ ዘላቂ ጣቢያ መኖር አለበት ብለን አጥብቀን እናምናለን፤ ለጥናት ለሁለት ዓመት ተተክሎ የሚነቀል ሳይሆን።

ጥያቄ፦ «እዚህ አሜሪካ በየቡናው ላይ የሚወራ ነገር አለ። በ2003 ነጮቹ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ፈንጂ አፈነዱ፣ አሁን የሚንቀጠቀጠው በዚያ ጦስ ነው ይባላል። እውነት አለው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ፈንጂ መፈንዳቱ እውነት ነው፤ ከላይ የተረክነው የኢግል ጥናት ሞገዱን ያገኘው በጉድጓድ ከተቀበረ ፈንጂም ጭምር ነው። በድብቅም አልነበረም፣ የኢትዮጵያ ተቋማት አብረው የሠሩት ነው። ጦሱ ግን እውነት አይደለም።

ሂሳቡን ይመልከቱ። የመሬት መንቀጥቀጥ መጠን በአንድ ከፍ ሲል የሚወጣው ጉልበት 32 ጊዜ ያህል ይጨምራል። 5.5 የሆነ መንቀጥቀጥ በሞገድ የሚረጨው ጉልበት ከአንድ ቶን ፈንጂ ጠቅላላ ጉልበት ከ2,000 እጥፍ በላይ ነው። ከፈንጂው ጉልበት ደግሞ ወደ ሞገድ የሚለወጠው ትንሹ ነው፣ የቀረው ዐለቱን ሰባብሮና አሙቆ ያልቃል። ሞገዱም ደቂቃዎች ውስጥ አልፎ ይጠፋል፤ ከሃያ ዓመት በላይ ተደብቆ አይቆይም።

ደግሞ መሬቱ ከዚያ በፊትም ይንቀጠቀጥ ነበር። በ1961 ካራቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ ማጀቴን ነው ያወደመው። ያኔ ኢግል የለም። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሠረቱት ካናዳዊው ካህን አባ ፒየር ጉዋን የኢትዮጵያን የመንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው በ1979 አሳትመዋል፤ ከዘመናዊ መሣሪያ በፊት የነበሩትን ዘመናት ጭምር ይዘረዝራል። ለወዳጆችዎ ይህን ይንገሯቸው። ሐሜቱ የሚያሳዝነን ለአንድ ምክንያት ነው፦ ነገ ሌላ ጥናት ሲመጣ አርሶ አደሩ መለኪያ እንዳይቀበር ይከለክላል፣ ጉዳቱም ለራሱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ሳተላይት ስበትን ከለካ ሜዳ ለሜዳ መዞር ለምን ያስፈልጋል?» (ከመቀሌ)

መልስ፦ ሳተላይት ይለካል፣ ግን ከሩቅ ነው። ጎቼ የተባለው የአውሮፓውያን ሳተላይት ከ2009 እስከ 2013 በ255 ኪሎ ሜትር ከፍታ እየበረረ የዓለምን ስበት ለካ። ከዚያ ከፍታ ግን ስፋቱ 100 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነገር ይደበዝዛል። የደጋውን ሥር በአጠቃላይ ለማየት ግሩም ነው። ቦሰት ሥር ያለውን 20 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አካል ግን ከመሬት ካልተለካ አያገኙትም።

ጥያቄ፦ «ጂኦሎጂ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። መሣሪያ የለንም። በእጄ መሞከር የምችለው ነገር አለ?» (ከጅማ)

መልስ፦ አለ እንጂ! አዲስ አበባ አጠገብ ፉሪ ተራራ ላይ ያለው የመንቀጥቀጥ ጣቢያ የዓለም አቀፉ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ መረብ አካል ነው፣ መዝገቡም በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው፣ በነፃ። የጣቢያው መለያ የፉሪ ስም ራሱ ነው። መረጃውን የሚያነቡ ነፃ የፓይተን ፕሮግራሞች አሉ፤ ደካማ ላፕቶፕም ይበቃቸዋል። ከከበደህም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ ስፔስ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ያሉትን መምህራን ጠይቅ።

መነሻህ እንዲህ ይሁን። የጥር 2025ን አንድ የፈንታሌ መንቀጥቀጥ ምረጥ። መጀመሪያ የደረሰውን ሞገድ ሰዓት መዝግብ። ከዚያ ከፍ ብሎ የሚወዛወዘውን ሁለተኛውን ሞገድ ፈልግ፣ የእሱንም ሰዓት መዝግብ። የሁለቱን ልዩነት በሰከንድ ወስደህ በ8 አባዛው፤ የምታገኘው ከፉሪ እስከ መንቀጥቀጡ ያለው ርቀት ነው፣ በኪሎ ሜትር፣ በግርድፉ። ፈንታሌ ከፉሪ በቀጥታ መስመር 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ 17 ሰከንድ አካባቢ መምጣት አለበት። በጣም ከራቀብህ ሁለተኛውን ሞገድ የለየህበትን ቦታ እንደገና እየው፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው እሱ ነው።